ቁጥጥር ስር የዋለው ክፍል

ያን ዓመት መንገዱ ሰላም ነበር። አርብ ከምሳ በኋላ ከዩኒቨርሲቲው ዋና ግቢ ተነስቼ በደጀን ዞሬ ቢቸና እገባለሁ። ቅዳሜ ጠዋት እዚያ አስተምርና ከሰዓት በኋላ በሚኒባስ ወደ ሞጣ እሄዳለሁ። እናቴ ቤት አድሬ እሁድ ደግሞ ሞጣ አስተምራለሁ። ሥራው ኤክስቴንሽን ነው። ተማሪዎቼ በዲፕሎማ ለዓመታት እንግሊዝኛ ሲያስተምሩ ቆይተው አሁን ዲግሪያቸውን የሚያሟሉ የአንደኛ ደረጃ መምህራን ነበሩ። ብዙዎቹ በዕድሜ ይበልጡኛል። እኔ የማስተምራቸው አካዳሚክ ጽሕፈት የሚባለውን ነው፤ በእንግሊዝኛ ሐሳብን መልክ ማስያዝ፣ በማስረጃ መደገፍ፣ ምንጭ መጥቀስ። የተወለድኩት ሞጣ ነው። ይህን የምናገረው በኋላ ነገር ስላመጣብኝ ነው።

በዚያው ዓመት የዶክትሬት ጥናቴን ጀምሬ ነበር። ጥያቄዬ ቀላል ነበር። ተማሪዎች አንዱ የሌላውን ረቂቅ እያነበበ አስተያየት ቢሰጥ ጽሑፋቸው ይሻሻላል ወይ? አማካሪዬ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው የሚናገሩ፣ ነገር ሲበላሽ መነጽራቸውን አውልቀው የሚወለውሉ ሰው ናቸው። ፕሮፖዛሌን አንብበው ሲጨርሱ ቀና አሉ።

"ኮንትሮል ግሩፕሽ የት አለ?"

"የቱ?"

"የቁጥጥር ቡድን ነዋ! አንዱን ክፍል በአዲሱ ዘዴ ታስተምሪያለሽ፤ ሌላውን እንደ ድሮው። መጨረሻ ላይ ታወዳድሪያቸዋለሽ። አለዚያ የተሻሻሉት በአንቺ ዘዴ ይሁን በስለት በምን ታውቂያለሽ?"

እውነታቸውን ነበር። ክፍል ደግሞ ሁለት አለኝ። ለየትኛው የቱ ይድረስ የሚለው በዕጣ እንዲሆን ተስማማንና ከኪሳቸው የአንድ ብር ሳንቲም አወጡ። አንበሳው ከወጣ አዲሱ ዘዴ ለሞጣ፣ ሚዛኑ ከወጣ ለቢቸና። ሳንቲሙ ጠረጴዛው ላይ ተሽከረከረና ተኛ፤ አንበሳው ወጣ።

"እንግዲህ" አሉኝ ሳንቲሙን ወደ ኪሳቸው እየመለሱ፣ "ቢቸናዎች ምንም ማወቅ የለባቸውም። እንደ ድሮሽ አስተምሪ። ምንም አትጨምሪ፣ ምንም አትቀንሺ።"

ለሁለቱም ማዕከሎች የትብብር ደብዳቤ መላክ ግድ ነበር። እኔ በእንግሊዝኛ ጻፍኩት፤ ዲፓርትመንታችን ደግሞ ለአስተዳደር የሚሄድ ነገር በአማርኛ ይሁን ብሎ አስተረጎመው። ማን እንደተረጎመው እስከ ዛሬ አላወቅሁም። የቢቸናው አስተባባሪ ደብዳቤው ሲደርሰው የሚመለከተው ሁሉ ይወቀው ብሎ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ለጠፈው። ቅዳሜ ጠዋት በሰሌዳው በኩል ሳልፍ ማኅተሙን አየሁና ቆም ብዬ አነበብኩት። "የቢቸና ማዕከል የእንግሊዝኛ ተማሪዎች በቁጥጥር ስር የዋሉ ስለሆነ፣ ጥናቱ እስኪጠናቀቅ ድረስ የሚመለከታቸው ሁሉ አስፈላጊውን ትብብር እንዲያደርጉ እናሳስባለን" ይላል።

ክፍል ስገባ ሁሉም ቆመው ጠበቁኝ። እንደዚያ ቆመው አያውቁም።

የክፍሉ ተጠሪ የአንድ ትምህርት ቤት ምክትል ርዕሰ መምህር ነበር። አምሳን የተጠጋ፣ ኮቱን በሙቀትም የማያወልቅ፣ ድምፁ ያለ ማይክሮፎን የሰንደቅ ዓላማ ሰልፍ የሚያዝ ሰው። በዕድሜ ታላቄ ነው፤ ግን መምህሩ ስለሆንኩ አንቱ ይለኛል፤ እኔም አንቱ እለዋለሁ።

"ቲቸር" አለ፣ "ምን አጥፍተን ነው?"

"ምንም አላጠፋችሁም! የትርጉም ስህተት ነው።"

"ጠመኔ ይዤ ነው ፀጉሬ የሸበተው። አንድ ቀን ለጥያቄ እንኳ ተፈልጌ አላውቅም። ትናንት ልጄ ከትምህርት ቤት ስትመለስ 'አባዬ፣ መቼ ነው የምትገባው?' አለችኝ።"

ከኋላ አንድ ሰው ሳቅ አመለጠውና ዞረው ሲያዩት ዋጠው። እኔ በዚያ ሰዓት የአማካሪዬን ማስጠንቀቂያ ረሳሁ። ማረጋጋት አለብኝ ብዬ ሁሉንም አስረዳኋቸው። ቁጥጥር ማለት እስር አለመሆኑን፣ ሁለት ቡድን መኖሩን፣ አንዱ በአዲስ ዘዴ ሌላው በድሮው እንደሚማር፣ መጨረሻ ላይ እንደሚወዳደሩ። ባስረዳሁ ቁጥር ፊታቸው ይበልጥ እየጠቆረ ሄደ።

"አዲሱ ይሻላል ብለው ነው?" አለ ምክትሉ።

"ይሻል እንደሆነ ለማየት ነው።"

"የድሮውስ አይረባም ብለው ነው?"

"እሱንም ለማየት ነው።"

"በእኛ ላይ?"

ደብተሬን ገለጥኩ።

"አዲሱ ለማን ደረሰ?"

"ለሞጣ።"

ክፍሉ በአንድ ጊዜ ተነፈሰ። ምክትሉ ቀስ ብሎ ተቀመጠና ለጎረቤቱ፣ እኔ እንድሰማው አድርጎ፣ "ሞጣ አገሯ አይደለም እንዴ?" አለው። አንቱታዋ ወዲያው ቀረች።

አቤቱታው የተጀመረው ያን ዕለት ነው። ለዲፓርትመንቱ ኃላፊ፣ በእንግሊዝኛ። በአማርኛ ብንጽፍ የእንግሊዝኛ ክፍል ይንቀናል አሉ። የመጀመሪያውን ኃላፊው መልስ እንድሰጥበት ወደ እኔ መራው። ሁለት ገጽ ሙሉ ነጥብ የሌለው አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር። "ፈርስት ኤንድ ፎርሞስት" ብሎ ይጀምራል፤ ከዚያ ሁለተኛ የለም። መሐል ላይ እግዚአብሔር ለዲፓርትመንቱ ረጅም ዕድሜ እንዲሰጥ ይለምናል፤ መጨረሻው ላይ ምን እንደሚፈልጉ ሳይናገሩ ያመሰግናሉ። እጄ ለምዶበት ቀይ እስክሪብቶ አነሳሁ። ገና ሦስት ቃል ሳላርም ነገሩ ጥርጣሬ አሳደረብኝና ለአማካሪዬ ደወልኩ።

"እንዳታርሚ!" አሉኝ። ሲጮኹ የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው። "ካረምሽላቸው እሱም ትሪትመንት ነው!" ትሪትመንት የሚሉት በጥናት ላይ ለአንዱ ቡድን ብቻ የሚሰጠውን አዲስ ዘዴ ነው።

ስለዚህ አቤቱታውን ሳላርም ለኃላፊው መለስኩለት። ኃላፊው ግን ወረቀት መመለስ የሚወድ ሰው ነበርና በአናቱ ላይ "የተጠየቀው ነገር ግልጽ አይደለም" ብሎ ጽፎ ለቢቸናዎች መለሰላቸው። በሚቀጥለው ቅዳሜ ቀደም ብዬ ስደርስ ተማሪዎቼ ከእኔ በፊት ገብተው ሰሌዳውን ሞልተውታል። ምክትሉ ጠመኔ ይዞ ቆሟል፤ ሌሎቹ ከየወንበራቸው ይጮኻሉ።

"'ሄንስ' ምን ያደርጋል እዚህ?"

"ያምራል።"

"ማማሩን ማን ጠየቀህ! ካለፈው ዓረፍተ ነገር ጋር ምን አገናኘው? አጥፋው!"

"ይሄ አንቀጽ ስለ ሞጣ ነው ወይስ ስለ እኛ? አንዱን ምረጡ።"

በሩ ላይ ቆሜ አየኋቸው። እኔ ስንት ጊዜ ተማጽኜ ያላስጠፋሁትን "ሄንስ"፣ ያን ያለ ቦታው የሚሰነቀር 'ስለዚህ'፣ አንዲት ዝምተኛ መምህርት ተነስታ በመዳፏ ጠረገችው። አንዱ ድንገት አየኝ።

"ቲቸር፣ 'ዲስክሪሚኔሽን' ስንት ኤስ ነው ያለው?"

"መናገር አልችልም።"

"ለምን?"

"ጥናቱ ይበላሻል።"

ምክትሉ ዞሮ ለክፍሉ፣ "ይህንንም ጻፉት!" አለ። በሁለተኛው አቤቱታ ውስጥ አንድ ሙሉ አንቀጽ ለዚህ ጉዳይ ተሰጠ። መምህርት የፊደል እርዳታ ነፍገውናል ይላል። "ዲስክሪሚኔሽን" በትክክል ተጽፏል፤ ለካ መዝገበ ቃላት ገዝተዋል።

ኃላፊው ይህንኛውንም መለሰው፤ "ክሱ በማስረጃ አልተደገፈም" ብሎ። እንግዲህ ማስረጃ ፍለጋ ተገባ። ከመሐላቸው ስልኩ ደህና ኢንተርኔት የሚስብለት አንድ ወጣት መምህር ነበር፤ ኔትወርክ ባለበት ኮረብታ ላይ እየወጣ ስለ ቁጥጥር ቡድንና ስለ ምርምር ሥነ ምግባር የተጻፈ ነገር ሁሉ ያወርዳል። ሦስተኛው አቤቱታ ምንጭ ይጠቅስ ነበር። ዝርዝሩ መጨረሻው ላይ በፊደል ተራ ተደርድሯል። ምንጭ አጠቃቀስ ለዚያ ክፍል ገና አላስተማርኩም፤ በዕቅዴ ላይ ወደ ሴሚስተሩ ማብቂያ የተያዘ ነበር።

ሞጣ ላይ አዲሱ ዘዴ በደንብ ይሄዳል ብዬ ነበር። የመጀመሪያው ዕለት ረቂቆቻቸውን አለዋወጥኳቸውና አስተያየት የሚጽፉበትን ቅጽ አደልኩ። አንዲት መምህርት የጓደኛዋን ጽሑፍ አንብባ አንድ ዓረፍተ ነገር አሰመረችበትና አጠገቡ "ይሄ ምንም አይልም" ብላ ጻፈች። ትክክል ነበረች፤ ምንም አይልም። ጓደኛዋ ግን ወረቀቱን አይታ አለቀሰች። ሁለቱ ጎረቤታሞች ናቸው፤ አንድ ማኅበር ነው የሚጠጡት። ሳምንቱን ሙሉ ሳይነጋገሩ ከርመው በሚቀጥለው እሁድ የክፍሉ ሰው ሁሉ ካላስታረቅን አንማርም አለ። ሽማግሌ ተመረጠ። ጥፋተኛዋ ተነስታ ይቅርታ ጠየቀች፤ ተሳሳሙ፤ አጨበጨብን፤ ክፍለ ጊዜው አለቀ።

ከዚያ ወዲህ በሞጣ ማንም ማንንም አላረመም። ቅጾቹን እናቴ ቤት ይዤ ገብቼ ማታ ሳነብ ምርቃት ብቻ ነበሩ። "በጣም ቆንጆ ነው፤ በዚሁ ቀጥል።" "እጅህ ይባረክ።" አንድ ወጣት መምህር የአንድ አዛውንት መምህር ድርሰት ደርሶት በእንግሊዝኛ የጻፈው አስተያየት ወደ አማርኛ ቢመለስ እንዲህ ነው፤ "ስህተትዎ ጥቂት ነው፤ እሱም ያምርብዎታል።"

እናቴ እየሳቅሁ ሳነብ አይታኝ ምን እንደሆነ ጠየቀችኝ። አስረዳኋት።

"ታዲያ ምን ይበላቸው?" አለችኝ። "ሰውዬው የራሱ አስተማሪ የነበሩ ናቸው።"

በዚህ መሐል የባልና ሚስቱ ነገር መጣ። በሞጣው ክፍል አንዲት ተማሪ አለች፤ ባሏ የሚያስተምረው ቢቸና ነው፤ የሚማረውም በቢቸናው ክፍል። ዝውውር እየጠበቁ ተለያይተው ይኖራሉ። አንድ ቅዳሜ ባልየው የአዲሱን ዘዴ ሃንድአውት፣ ያን ለሞጣ ብቻ የሰጠሁትን፣ ደብተሩ ውስጥ አጣጥፎ ይዞ አየሁት። ለአማካሪዬ ነገርኳቸው። በስልክም ቢሆን መነጽራቸውን ሲያወልቁ ተሰማኝ።

"ይሄ ብክለት ነው" አሉ። "በአስቸኳይ አስቁሚው።"

"ባልና ሚስት እኮ ናቸው።"

"ይሁኑ፤ ስለ ጽሕፈት ብቻ እንዳያወሩ ንገሪያት።"

እሁድ ሚስትየዋን ከክፍል በኋላ ለብቻዋ አስቀረኋት። እንዴት እንደምጀምር ጠፋኝ። መጨረሻ ላይ፣ "ከባለቤትሽ ጋር ስትገናኙ እባክሽ ስለ አንቀጽ አታውሩ" አልኳት።

"ቲቸር" አለች፣ "እኛ የምንገናኘው በአሥራ አምስት ቀን አንዴ ነው።"

"ይገባኛል።"

"ስለ አንቀጽ የምናወራ ይመስልሻል?"

ሃንድአውቱንስ ጎመን ዘር ጠቅልላበት ነው የላከችለት። ተሳስቀን ተለያየን፤ እኔም ያለቀ መሰለኝ። ነገሩ ግን ከሞጣ ቢቸና እስኪደርስ ሌላ መልክ ያዘ። በሚቀጥለው ቅዳሜ በየቦታው የሚወራው፣ የዩኒቨርሲቲዋ መምህርት ክፍሉን በቁጥጥር ማዋሏ ሳያንስ ባልና ሚስት እንዳይነጋገሩ ከለከለች የሚል ነበር።

ምሳ የምበላበት ትንሽ ሆቴል በረንዳ ላይ ተቀምጬ ሳለ ሦስት ሽማግሌዎች መጡ። ፊት ፊት የሚሄዱት ቄስ ናቸው፤ የምክትሉ የንስሐ አባት። ምክትሉ ራሱ ኮቱን እንደለበሰ፣ እንደ ተከሳሽ ሳይሆን እንደ ጠበቃ ከኋላ ይከተላል። ተነስቼ መስቀል ተሳለምኩ፤ ወንበር ተሳበ፤ ሻይ ታዘዘ። ስለ ዝናቡና ስለ ጤፉ ትንሽ ተጫወትን። ከዚያ ቄሱ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"ልጄ፣ ልቀቂያቸው።"

"አባ፣ አልያዝኳቸውም።"

"አውቃለሁ፤ በገመድ አልያዝሻቸውም። ግን ልባቸው ታስሯል። ይሄም የባልና ሚስቱ ነገር ደግ አይደለም።"

የባልና ሚስቱን አስረዳሁ፤ ስለ አንቀጽ ብቻ እንደሆነ። "አንቀጽ ምንድን ነው?" አሉ ሁለተኛው ሽማግሌ። ምክትሉ ጣልቃ ገብቶ በጣም ጥሩ አድርጎ አብራራላቸው። አንድ ዋና ሐሳብ ያለው፣ የቀረው ሁሉ ያንን ሐሳብ የሚደግፍ፣ ከሌላው ጋር የማይደባለቅ። እንደዚያ አድርጎ መናገር የቻለው ከየት ተምሮ ነው ብዬ ተገረምኩ። ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁና፣ "ይሄን ቢነጋገሩ ምን ነውር አለው?" አሉኝ።

"ሞጣን የመረጥሽው አገርሽ ስለሆነ ነው ይላሉ" አሉ ቄሱ።

"በዕጣ ነው አባ። ሳንቲም ወርውረን።"

"ማን አየ?"

"አማካሪዬ።"

"አማካሪሽ የየት አገር ሰው ናቸው?"

"የመርጡለ ማርያም።"

ሦስቱ ተያዩ። መርጡለ ማርያም ለሞጣ ነው ወይስ ለቢቸና የሚቀርበው የሚለው ክርክር ሻዩ እስኪቀዘቅዝ ድረስ ቆየ። በመኪና ነው ወይስ በእግር፣ በዱሮው መንገድ ነው ወይስ በአዲሱ። በመጨረሻ ለሁለቱም አያደላም ተብሎ ታለፈ።

"ሳንቲሙስ እንዴት ነበር?"

"አንበሳው ከወጣ ለሞጣ፣ ሚዛኑ ከወጣ ለቢቸና።"

ሦስተኛው ሽማግሌ እስከዚያ ድረስ አንድ ቃል አልተናገሩም ነበር። ሲኒያቸውን አስቀመጡ። "አንበሳውን ለሞጣ ማን ሰጠው?" አሉ።

ለአማካሪዬ ደውዬ ስልኩን በድምፅ ማጉያ ጠረጴዛው መሐል አኖርኩት። ሰላምታ ተለዋወጡ። አማካሪዬ ከተደናገጡ እንግሊዝኛ ይቀናቸዋል።

"አባታችን፣ ትሪትመንቱን በዚህ ደረጃ ላይ ማቋረጥ አንችልም።"

ቄሱ ወደ ምክትሉ ዞሩ። "ትሪትመንት ያሉት ምንድን ነው?"

"ሕክምና ማለት ነው አባ።"

"የታመመ አለ እንዴ?"

"የሚታከሙት ሞጣዎች ናቸው። እኛ ሕክምና ተከልክለናል።"

ቄሱ ጥቂት አሰቡ። "ታዲያ ሞጣዎችን እግዚአብሔር ይማራቸው እንላለን እንጂ" አሉ፣ "ሕክምና ምን ያስቀናችኋል?"

ለመጀመሪያ ጊዜ ምክትሉ የኮቱን ቁልፍ ፈታ። በስልኩ በኩል አማካሪዬ ሲስቁ ሰማሁ፤ ወዲያው በሳል አስመሰሉት። ከዚያ በኋላ ነገሩ ቀለለ። የመጨረሻው ፈተና እንዳለቀ አዲሱን ዘዴ ለቢቸናም እንደማስተምር አማካሪዬ በስልክ፣ እኔ በቄሱ ፊት ቆሜ ቃል ገባን። ባልና ሚስቱ ስለፈለጉት ሁሉ እንዲያወሩ ተፈቀደ። ቄሱ ጥናቴን ባረኩልኝ፤ በሜቶዶሎጂ ምዕራፌ ውስጥ የትኛው ርዕስ ስር እንደሚገባ ስላላወቅሁ ሳልጽፈው ቀረሁ።

አቤቱታው ግን አልቆመም። ዕርቅ ሌላ፣ አቤቱታ ሌላ አሉ። እስከ ሴሚስተሩ መጨረሻ በየሳምንቱ እያጠረ፣ እየጠራ ሄደ። የመጨረሻው ግማሽ ገጽ ብቻ ነበር። የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር የሚፈልጉትን ይናገራል፣ የቀረው ለምን እንደሆነ ያስረዳል፣ ከዚያ ያቆማል። ኃላፊው እሱንም መልሶት ነበር፤ ነገር ግን በአናቱ ላይ የጻፈው "በጥሩ ሁኔታ የተጻፈ ነው" የሚል ብቻ ነው። ያን ዕለት ቢቸናዎች ለስላሳ ገዝተው ጠጡ።

ፈተናው ተሰጠ። ማን የማን እንደሆነ እንዳይታወቅ ስሙ ተሸፍኖ፣ ሁለት የሥራ ባልደረቦቼ አረሙት። ውጤቱን ስደምረው ቢቸና ሞጣን በልጦታል። በትንሹም አይደለም። ተሳስቼ ይሆናል ብዬ ደጋግሜ አየሁት። ወረቀቱን ለአማካሪዬ ሳቀርብ መነጽራቸውን አወለቁ፣ ወለወሉ፣ አደረጉ፣ እንደገና አወለቁ።

"የቁጥጥር ቡድንሽ" አሉ በመጨረሻ፣ "ከቁጥጥር ውጭ ነበር።"

የመመረቂያ ጽሑፌን በምከላከልበት ቀን አዳራሹ ግማሽ ሞልቷል። ከሌላ ዩኒቨርሲቲ የመጡት ፈታኝ ቆፍጣና ሴት ነበሩ፤ ገጽ በገጽ ምልክት አድርገው መጥተዋል። ብዙ ጠይቀውኝ ብዙ መለስኩ። ከዚያ ወረቀቱን አጠፉት።

"አንድ ነገር ብቻ አልገባኝም። የሙከራው ቡድን ረቂቅ ሲለዋወጥ፣ የቁጥጥር ቡድኑ ምን ይሠራ ነበር?"

"ይከሰኝ ነበር።"

ፈታኟ ያጠፉትን ወረቀት እንደገና ዘረጉት።

"በቃል?"

"በጽሑፍ። በእንግሊዝኛ።"

"ለየብቻ?"

"አይደለም። ሁሉም ተሰብስበው፣ አንዱ የሌላውን እያነበበና እያረመ።"

"ሞጣዎችስ አንዱ የሌላውን ያርም ነበር?"

"ይመራረቁ ነበር።"

ፈታኟ እስክሪብቷቸውን አስቀመጡ። "ታዲያ ልጄ፣ ትሪትመንቱን የወሰደው ማን ነው?"

አማካሪዬ ጣሪያውን ያያሉ። እኔ ግን፣ እንዴት እንደምለው አላውቅም፣ ደስ ብሎኛል። ለወራት ዕንቅልፍ የነሳኝን ነገር አንድ ሰው በአንድ ጥያቄ አፍርጦልኝ ነበር። ያዘጋጀሁትን መልስ ሁሉ ትቼ፣ "ያልሰጠኋቸው" አልኩ።

እንደገና ጻፊው ተብዬ አለፍኩ። ተጨማሪ አንድ ዓመት ፈጀብኝ። አዲሱ ጥናት በአቤቱታዎቹ ላይ ስለሆነ የቢቸናዎችን ፈቃድ መጠየቅ ነበረብኝ። ፈቀዱ፤ በአንድ ቅድመ ሁኔታ። በጥናቱ ውስጥ "የቁጥጥር ቡድን" ተብለው እንዳይጠሩ።

"ምን ልበላችሁ?"

ተመካከሩ። "አቤት ባዮች" አለ ምክትሉ። እንደዚያው ብዬ ጻፍኩ፤ ወደ እንግሊዝኛ ስመልሰው ግን ለዛው ትንሽ ፈሰሰ።

ቃሌንም ጠብቄ ነበር፤ ከመከላከያው ቀን ብዙ ቀደም ብሎ፣ ፈተናው እንዳለቀ። አዲሱን ዘዴ ላስተምራቸው ቢቸና ሄድኩ፤ ቅጾቹን አደልኩ፤ ረቂቅ ተለዋውጣችሁ አስተያየት ስጡ አልኳቸው። ምክትሉ ቅጹን ገልበጥ አድርጎ ጀርባውንም አየ።

"ይሄ ነው?"

"ይሄ ነው።"

"ሌላ የለውም?"

"የለውም።"

"ለዚህ ነው እንዴ ያን ያህል..." አለና ሳይጨርሰው የጎረቤቱን ረቂቅ ሳብ አድርጎ ማስመር ጀመረ። ሰውየው "ቀስ በል እንጂ፣ ገና አላነበብከውም!" ሲለው ሰማሁ። እዚያ ክፍል ውስጥ ያን ቀን ማንም አላለቀሰም፤ የተኮራረፈም አልነበረም። ከምሳ በኋላ ባልየው መጥቶ ዝውውሩ እንደተሳካ፣ ሞጣ መሄዱ እንደሆነ ነገረኝ። የዝውውር ማመልከቻውን ክፍሉ ነው ያረመለት።

ለሞጣዎች ውጤቱን መንገር ከባድ ነበር። ወሬው ቀድሞኝ ደርሷል። እናቴ በር ስትከፍትልኝ ሰላም ሳትለኝ፣ "ቢቸና በለጠን አሉ" አለችኝ። የሠፈሩ ሰው መድኃኒት አሳስቼ የሰጠሁ ይመስል ያየኝ ነበር። እሁድ ክፍል ስገባ ያ "ስህተትዎ ያምርብዎታል" የተባሉት አዛውንት መምህር ተነሡ። ክፍሉ ወክሏቸዋል።

"ልጄ፣ አንቀየምሽም" አሉ። "ያደረግሽልን ሁሉ ለእኛው ብለሽ ነው። ግን በሚቀጥለው ሴሚስተር እኛም ቁጥጥር ስር እንድንውል እንጠይቃለን።"

ጥናቱ አልቆ ነበር። የማወዳድረው የለኝም፤ የምቆጣጠረውም የለኝም። ይህን ልነግራቸው አፌን ከፈትኩ፤ ፊታቸውን ሳይ ግን አልቻልኩም።

"እሺ" አልኩ። "ከዛሬ ጀምሮ የቁጥጥር ቡድን ናችሁ።"

አጨበጨቡ። አንዳንዶቹ እየተጨባበጡ እንኳን ደስ አለህ ተባባሉ። አዛውንቱ በእርካታ ተቀመጡ። ትንሽ ቆይቶ ግን ሁሉም እኔን ያዩኛል፤ አሁን ምን እንደሚሆን ይጠብቃሉ። ያቺ ጓደኛዋን አስለቅሳ ይቅርታ የጠየቀችው መምህርት እጇን አወጣች።

"ቲቸር፣ አሁን ምን እናድርግ?"

"ጻፉ።"

ደብተሯን ገለጠች፤ እስክሪብቶዋን ከፈተች፤ ከዚያ ቀና አለች።

"ለማን?"